የተመዘገበው ውሻና ያልተመዘገበው ውሻ

ባለፈው ሰሞን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለዚህ ዓምድ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልን ነበረ። «ቤቴን የሚጠብቅልኝ ውሻ እፈልጋለሁ። ጎረቤቴ ንጹሕ ዘር የሆነ የጀርመን እረኛ ውሻ እንድገዛ ይመክረኛል፤ ባለቤቴ ግን ከባላገር የመጣ ቡችላ እናሳድግ ትላለች። የማንኛቸውን ምክር ልቀበል?» ጥያቄው በአንድ ቃል ሊመለስ የሚችል ይመስላል። ነገር ግን በሱዳን አገር በገዳሪፍ ሳለሁ የደረሰብኝን አንድ ነገር ስላስታወሰኝ፣ መልሱን ጥቂት ሰፋ አድርጌ ለመስጠት ወደድሁ። የገዳሪፉን ነገር በመጨረሻ እናገራለሁ፤ አስቀድሞ ግን ንጹሕ ዘር ማለት ምን እንደ ሆነ መመልከት ይገባናል።

ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛ ውሻ የምንለውን ግእዝ ከልብ፣ ትግርኛ ከልቢ ይለዋል፤ ዓረብም እንደ ግእዙ ከልብ ይለዋል። አማርኛም ይህን የግእዝ ቃል ፈጽሞ አልጣለውም፤ ጠያቂ አጥቶ በከንቱ የቀረውን ደም «ደመ ከልብ ሆነ» ይላል። አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ አንባብያን ይህን አነጋገር በማስታወሻችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። እንዲሁም የውሻ ልጅ ቡችላ ይባላል። ከሁለት ልዩ ልዩ ዘር የተወለደው ዲቃላ ነው። እናቱም አባቱም፣ አያቶቹም ከአንድ ዓይነት ዘር መሆናቸው በመዝገብ የተረጋገጠለት ደግሞ ንጹሕ ዘር ነው። የገዳሪፍ ሰዎች በመንደሩ የሚዞረውን ውሻ «ከልብ በለዲ» ይሉታል፤ ይኸውም የአገር ውሻ ማለት ነው።

እንግዲህ ንጹሕ ዘር የሚያሰኘው ዋናው ነገር መዝገብ መሆኑን አስተውሉ። ውሻና ሰው አብረው መኖር ከጀመሩ እጅግ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖአቸዋል፤ መዝገቡ ግን የትናንት ነው። በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1859 የመጀመሪያው የታወቀ የውሻ ውድድር በተደረገ ጊዜ የቀረቡት 60 ያህል የአደን ውሾች ብቻ ነበሩ፤ ሽልማቱም የአደን ጠመንጃ ነበረ። ከ14 ዓመት በኋላ በ1873 የእንግሊዝ የውሻ ማኅበር ተቋቁሞ የዘር መዝገብ ይጽፍ ጀመረ። ክራፍትስ የሚባለው ዝነኛው ውድድር በ1891 በለንደን ተከፈተ፤ ዛሬ በበርሚንግሃም ከተማ በየዓመቱ አራት ቀን ሲደረግ 20,000 ያህል ውሾች ይቀርቡበታል። በ1911 ደግሞ የጀርመን፣ የኦስትሪያ፣ የቤልጅግ፣ የፈረንሳይና የሆላንድ ማኅበሮች ተባብረው ዛሬ ብዙ አገሮች ያሉበትን ዓለም አቀፍ የውሻ ማኅበር አቋቋሙ።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ዘር መልኩንና ቁመናውን የሚገልጽ ደንብ ተጽፎአል፤ ቁመቱ ስንት፣ ክብደቱ ስንት፣ ጆሮው የቆመ ወይም የወደቀ፣ ጅራቱ የቀና ወይም የተጠቀለለ መሆን እንዳለበት ደንቡ ይናገራል። ውሻውን የሚያቀርበው ሰው በገመድ ይዞ በዳኛው ፊት ያቆመዋል። ዳኛውም ጥርሱን ከፍቶ ያያል፤ ጀርባውንና እግሩን በእጁ ይዳስሳል፤ ቀጥሎም ውሻው ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ አካሄዱን ይመለከታል። ዳኛው አንዱን ውሻ ከሌላው ውሻ ጋር ብቻ አያወዳድርም፤ እያንዳንዱን ከተጻፈው ደንብ ጋር ያስተያያል። ከየዘሩ አንደኛ የወጡት በየክፍላቸው ይወዳደራሉ፤ የየክፍሉ አንደኞች ደግሞ እንደ ገና ተወዳድረው ከመካከላቸው አንዱ የውድድሩ ሁሉ አለቃ ይሆናል።

ይህን ሥራ ፈት የሆኑ ሀብታሞች ጨዋታ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ጎረቤትዎ የመከረዎት የጀርመን እረኛ ውሻ በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ ሻምበል ማኅበር አቁሞ ያሳደገው ዘር ነው፤ የዚህም ሰው ምኞት ቆንጆ ውሻ ማግኘት ሳይሆን በጎችን በጥበብ የሚጠብቅ፣ ታዛዥና ብርቱ ሠራተኛ ማግኘት ነበረ። መልካም መዝገብ ያለው ሰው የትኛዋ እናት ጤነኛ ልጆች እንደ ወለደች፣ የትኛው አባት በሽታ እንዳወረሰ ያውቃል። ይህም ትልቅ ጥቅም ነው።

ነገር ግን የመዝገብ ጉዳትም አለው። ይህንን ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም፤ ከዚያው ከሱዳን የወጣ አንድ የውሻ ዘር ታሪክ ይበቃናል።

የዚህ ዘር ስሙ ባሴንጂ ነው። በመካከለኛው አፍሪካ ደን፣ በኮንጎና በደቡብ ሱዳን ከጥንት ጀምሮ የአዳኞች ውሻ ነበረ። ቁመቱ 43 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 11 ኪሎ ያህል ነው። ጆሮው የቆመ፣ ግንባሩ የተጨማደደ፣ ጅራቱ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ነው። እንደ ሌሎች ውሾች አይጮኽም፤ ደስ ሲለው እንደ ዘፈን ያለ ድምፅ ያሰማል። ድምፁን ስለማያሰማም አዳኞቹ በደን ውስጥ እንዳይጠፋባቸው ከእንጨት የተሠራ ቃጭል በአንገቱ ያስሩለታል። እንደ ድመትም ገላውን እየላሰ ያጸዳል።

ባሴንጂ ወደ አውሮፓ የሄደበት መንገድ የመከራ መንገድ ነበረ። በ1895 ሁለት ውሾች «የኮንጎ ውሾች» ተብለው በክራፍትስ ቀረቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ታመው ሞቱ። በ1923 ሌዲ ሔለን ነቲንግ የተባለች እንግሊዛዊት ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስድስት ውሾች ከካርቱም ወደ ለንደን ወሰደች። በእንግሊዝ ሕግ መሠረት ከሌሎች እንስሳት ተለይተው የሚቆዩበትን ጊዜ በደኅና ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ግን ደስቴምፐር የሚባለውን የውሻ በሽታ ይከላከላል ተብሎ በዚያን ዘመን ገና በሙከራ ላይ የነበረ መድኃኒት ተወጉና ስድስቱም ሞቱ። በመጨረሻ ኦሊቪያ በርን የተባለች ሴት ያመጣቻቸው ውሾች ጸንተው በመኖራቸው፣ በ1937 በክራፍትስ ቀርበው ተመልካቹን ሁሉ አስደነቁ። ከዚያም ወዲህ ባሴንጂ የተመዘገበ ንጹሕ ዘር ሆነ።

ይሁን እንጂ መዝገቡ የተከፈተው በጥቂት ውሾች ነበረና፣ ከእነርሱ የተወለዱት እርስ በርሳቸው ዘመዳሞች ሆኑ። ከውጭ የሚገባ አዲስ ደም በሌለበት ዘር ውስጥ የተሰወረ በሽታ ይገለጣል። ባሴንጂዎችም እንዲሁ ሆነባቸው፤ አንዳንዶቹ ቡችሎች ደማቸው እየተበላሸ በለጋ ዕድሜያቸው ሞቱ፤ ከጎለመሱት ውሾችም አንዳንዶቹ ፋንኮኒ በሚባል የኩላሊት ሕመም ተያዙ። ዳኛው ጥርስ ቢቈጥርና ጅራት ቢመለከት የኩላሊትን ሕመም በእጁ ዳስሶ ሊያገኘው አይችልም።

ታዲያ መድኃኒቱ ከየት ተገኘ ብትሉ፣ ከመንደር ውሻ ነው። በ1959 ቬሮኒካ ቱዶር ዊልያምስ የተባለች የዚህ ዘር አሳዳጊ እስከ ደቡብ ሱዳን ድረስ ተጉዛ ፉላ የሚል ስም የሰጠቻትን አንዲት ቀይ እንስት ውሻ ይዛ ተመለሰች። ፉላ የዘር ሐረግ የሚናገር ወረቀት አልነበራትም፤ ያደገችው በጎጆ ደጃፍ ነው። ዛሬ በመዝገብ ከሚገኙት ባሴንጂዎች እጅግ የሚበዙት ፉላን ከአያቶቻቸው መካከል ይቈጥራሉ። በ1987 እና በ1988 ደግሞ አሜሪካውያን አሳዳጊዎች ወደ ኮንጎ ደን ሄደው የመንደር ውሾች አመጡ፤ የአሜሪካ የውሻ ማኅበርም በ1990 ተዘግቶ የነበረውን መዝገብ ከፍቶ ተቀበላቸው። እንግዲህ የተመዘገበው ውሻ ከጥፋት የዳነው ባልተመዘገበው ዘመዱ ነው።

ይህ ነገር የእኛንም አገር ይነካል። ከአፍሪካ ውሾች ውስጥ በዓለም መዝገብ የገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ከማሊ አዛዋክ፣ ከማሮክ ስሉጊና አይዲ፣ ከደቡብ አፍሪካ ጀርባው ላይ ጠጕሩ ወደ ፊት የሚቆመው የአደን ውሻ፣ ከማዳጋስካር ጥጥ የመሰለችው ትንሽ ውሻ፣ ከመካከለኛው አፍሪካም ያ ባሴንጂ ናቸው። በኢትዮጵያ ስም የተመዘገበ አንድም የለም። ይህ ማለት ግን ውሾቻችን የትናንት መጤዎች ናቸው ማለት አይደለም። ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት የግብፅ ንግሥት ሐትሸፕሱት መርከቦቿን ወደ ፑንጥ አገር ልካ በተመለሱ ጊዜ፣ ያመጡት ዕቃ በቤተ መቅደሷ ግንብ ላይ ሲቈጠር ከዕጣኑ፣ ከዝንጀሮውና ከነብር ቆዳው ጋር ውሾችም ተጽፈዋል። ፑንጥን ደግሞ ብዙ ሊቃውንት በቀይ ባሕር ዳር፣ በምሥራቅ ሱዳን፣ በኤርትራና በኢትዮጵያ ምድር ያደርጉታል። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ውሻ ንግሥት የምትፈልገው ስጦታ ሆኖ የተጻፈው ክራፍትስ ሳይታሰብ ነው።

አሁን ወደ ገዳሪፍ ልመለስ። ዛሬ በሱዳን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የተነሣው ጦርነት ያን አገር እጅግ አስጨንቆታል፤ ብዙ ተፈናቃዮችም ወደ ገዳሪፍ ገብተዋል። እኔ በዚያ የነበርሁት ከዚያ በፊት ነው። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት፤ ክረምት ሲገባ ዋልካው መኪና ያሰምጣል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። በሰሊጥ አጨዳና በስደት ምክንያት ብዙ የአገራችን ሰዎች በዚያ ይኖራሉ። የእኔ ሥራ በአንድ መንደር ጸሐፊና አስተርጓሚ መሆን ነበረ።

በዚያ መንደር ከሑመራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ከትንሽ የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የሰሊጥ አውድማ ጠባቂ ናቸው። እኔም እንደ አገሬ ልማድ አቦይ እላቸው ነበር። ውሻቸው አመድማ መልክ ያለው፣ ጅራቱ የተጠቀለለ፣ አንድ ጆሮው በጅብ የተቀደደ ነው። ስሙ ሓለዋ ይባላል፤ በትግርኛ ጥበቃ ማለት ነው። በመንደሩ ጫፍ ደግሞ አንድ ባለጠጋ ነጋዴ የጀርመን እረኛ ውሻ ነበረው። ውሻው በእውነት የሚያምር ነው፤ ወፍራም ጠጕሩን ይዞ በዚያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ከማቀዝቀዣ ሥር ተኝቶ ይውላል እንጂ። ወላጆቹን እስከ ሦስት ትውልድ የሚቈጥር ወረቀትም ነበረው።

አንድ ቀን «አቦይ፣ የዚህ የሓለዋ ዘሩ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወደይ፣» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፤ «ዘሩን የሚጠይቅ ሊሸጠው የሚያስብ ሰው ነው። እኔ የምጠይቀው ሌሊት ይነቃ እንደ ሆነ ነው።»

እኔ ግን ነገሩን ቀልድ አድርጌ ሳቅሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ በአካባቢው ተሰማና ክትባት የሚሰጡ ሰዎች ወደ መንደሩ እንደሚመጡ ተነገረን። የውሾቹን ዝርዝር እንዳዘጋጅ የታዘዝሁ እኔ ነበርሁ። በወረቀቱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ባለቤትና ዘር የሚሉ ረድፎች አወጣሁ። ወረቀት ያላቸውንና ዘራቸው የታወቀውን በመጀመሪያ ጻፍሁ፤ ባለቤቶቻቸው የተከበሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ይህ ትክክል መሰለኝ። ከዚያ የዲቃሎቹን፣ በመጨረሻም የአገር ውሾችን አስከተልሁ። በሓለዋ ስም ፊት ለፊት ዘር በሚለው ረድፍ «የለውም» ብዬ ጻፍሁ። ክትባቱ በዝርዝሩ ተራ ተሰጠ። መድኃኒቱ ከመጨረሻው ሰባት ውሾች በፊት አለቀ፤ ሓለዋ ከሰባቱ አንዱ ነበረ። «ሌላ ቀን ይመጣል» ተብሎ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

በኅዳር ወር፣ ሰሊጡ ተቈልሎ ሳለ፣ አንድ ማታ አረፋ የሚደፍቅ ውሻ ወደ አውድማው ገባ። የሽማግሌው የልጅ ልጅ በደጅ ነበረ። ሓለዋ በልጁና በእብዱ ውሻ መካከል ገባ። ልጁ ባቱ ላይ ተጫረ፤ ሓለዋ ግን አንገቱንና ትከሻውን ተነከሰ፤ ቢሆንም ሰዎች ደርሰው እብዱን ውሻ እስኪገድሉት ድረስ አልለቀቀውም።

የልጁን ቁስል በሳሙናና በብዙ ውሃ ለሩብ ሰዓት ያህል አጠብነው፤ በዚያው ሌሊትም ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። መርፌውን በየቀጠሮው ፈጽሞ ዳነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የእንስሳት ሐኪሙ ግን ሓለዋን አይቶ «ተከትቦ ነበርን?» ሲል ጠየቀ። ተከትቦ ቢሆን ኖሮ እንደ ገና ይከተብና ለብቻው ታስሮ ይጠበቅ ነበር፤ ያልተከተበ ግን በሽታው ሳይገለጥበት መገደል እንዳለበት አስረዳን። ሽማግሌው ገመዱን ለሌላ ሰው አልሰጡም፤ ራሳቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ቆሙ።

ሲመለሱ በደጄ አለፉ። አልተቈጡም። «ወደይ፣» አሉኝ፤ «በዚያ ወረቀት ላይ ስለ ሓለዋ ምን ብለህ ጽፈህ ነበር?»

መልስ አልሰጠኋቸውም። እስከ ዛሬም ድረስ ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መልስ አላገኘሁም።

አንባብያን ሆይ፤ ጥፋቱ የጀርመኑ ውሻ አይደለም፤ የውድድርና የመዝገብም አይደለም። መዝገብን የክብር ምልክት አድርጌ የተመለከትሁት እኔ ነኝ። መዝገብ የሚጻፈው የሚጠበቀውን ነገር ለመጠበቅ ነውና፣ ከመዝገብ በላይኛው ረድፍ መግባት የነበረበት ሌሊት ሌሊት ከልጆች ጋር በደጅ የሚያድረው ውሻ ነበረ። ሰው እንዲህ ዓይነቱን ውሻ ቈጥሮ ባለመያዙ የሚመጣው ጉዳት ከውሻው አልፎ ወደ ሰው ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ይሞታሉ፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው መንገዶችም ከመቶ 99 ያህሉ በውሻ በኩል ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 የሚሆኑት ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ይህ ቈጠራ ደግሞ ንጹሕ ዘርና ዲቃላ ብሎ አይለይም። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው፣ አንድ የተረሳ ውሻ ባለበት ቀዳዳ በሽታው ወደ መንደሩ ሁሉ ይገባል።

እንግዲህ ለጠያቂያችን የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የጀርመን እረኛ ውሻ ለማሳደግ ሰፊ ግቢ፣ በየቀኑ የሚያንሸራሽረው ሰው፣ በቂ ምግብና ቀዝቃዛ ጥላ ካለዎት፣ እንዲሁም ሻጩ የወላጆቹን ጤንነት፣ ይልቁንም የዳሌ አጥንታቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ ካሳየዎት ቢገዙት ነውር የለውም። ይህ ከሌለ ግን የባለቤትዎን ምክር ይቀበሉ። የአገራችን ውሻ ሙቀቱንም ብርዱንም ለምዶአል፤ በጥቂት ምግብ ይኖራል፤ እንግዳና ጎረቤት መለየትም ያውቃል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላልና፣ በደኅና የተያዘ እንደ ሆነ ቤትዎን ይጠብቃል።

የትኛውንም ቢመርጡ ግን አንድ ትንሽ ደብተር ይግዙለት። በመጀመሪያው ገጽ ስሙን፣ መልኩንና የተወለደበትን ወር ይጻፉ። ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት አስከትበው ቀኑን ይመዝግቡ፤ ከዓመት በኋላ ይድገሙለትና ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ እንዳዘዘ ያድርጉ። ንጹሕ ውሃና ጥላ አይጡበት፤ በፀሐይ ላይም ታስሮ አይዋል። ልጆችዎ የሚበላን ወይም የተኛን ውሻ እንዳይነኩ ያስተምሩ። ማንም ሰው በውሻ ቢነከስ ወይም ቢጫር፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ሕመሙ ከተገለጠ በኋላ መድኃኒት አይገኝለትምና።

ውሻዎ ከየት እንደ ተወለደ ባይታወቅ ግድ የለም። ዘር በሚለው ረድፍ «የለውም» ብለው ግን አይጻፉ፤ «የአገር ውሻ» ብለው ይጻፉ። እኔ በገዳሪፍ ሳልጽፈው የቀረሁት ይህንን ነው። የሓለዋ ደም ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር ብዬ ይህን ጻፍሁላችሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።